የአለማያ እርሻ ኮሌጅ፦ ቤተ መንግሥት፣ ፖለቲካና የኮሌጅ ፕሬዚዳንትነት

ከድሬዳዋ ተነሥቶ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ወደ ሐረር የሚያመራ መንገደኛ ሐረር ከመድረሱ በፊት የሚያገኘው የአለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የኮሌጅ ፕሬዚዳንትነትና ፖለቲካ ምን ያህል የተቆራኙ እንደነበሩ ከሚያሳዩ ተቋማት አንዱ ነው።

የኮሌጁ ጥንስስ በአሜሪካ የሚገኘውን የኦክላሆማ እርሻና መካኒክ ኮሌጅ ከ1920 ዓ.ም. ጀምሮ በፕሬዚዳንትነት ከመሩት ከሄንሪ ጋርላንድ ቤኔት ጋር የተያያዘ ነው። ቤኔት በ1942 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኙ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ገበሬውን የሚያስተምርና የሚያግዝ ኮሌጅ እንዲቋቋም ያላቸውን ፍላጎት ገለጹላቸው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትሩማን በጥር 1941 ዓ.ም. ባሰሙት ንግግር ያስተዋወቁት «ነጥብ አራት» የተባለው የቴክኒክ እርዳታ መርሐ ግብር ሥራ ሲጀምር እንዲመሩት የተሾሙት እኚሁ የኮሌጅ ሰው ነበሩ። የአንድ ክፍለ ግዛት ኮሌጅ ኃላፊ የታላቅ መንግሥትን የውጭ እርዳታ እንዲመራ መመረጡ ዛሬ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ በዚያ ዘመን ግን ገበሬን ከምርምር ጋር ያገናኘ ሰው ለፖለቲካም እንደሚበቃ ይታመን ነበር። ቤኔት ግን የኮሌጁን ምሥረታ ሳያዩ በታኅሣሥ 1944 ዓ.ም. ቴህራን አጠገብ በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ከባለቤታቸው ጋር ሕይወታቸው አለፈ።

ኮሌጁን ለማቋቋም ከኦክላሆማው ኮሌጅ ጋር የተደረገው ውል የተፈረመው ከአምስት ወር በኋላ፣ ግንቦት 7 ቀን 1944 ዓ.ም. ነው። ትምህርቱ በመጀመሪያ በጅማ ተጀመረ፤ የኮሌጁ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንትም ሉተር ብራነን የተባሉ አሜሪካዊ ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ 1946 ዓ.ም. አሜሪካን ሲጎበኙ የኦክላሆማው ኮሌጅ እስከሚገኝበት እስከ ስቲልዋተር ከተማ ድረስ ሄደው ያንን ኮሌጅ ማየታቸው፣ ጉዳዩን ለሚኒስትሮቻቸው ብቻ የተዉት እንዳልነበረ ያመለክታል። አለማያ በ1949 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ጀመረ፤ በጥር 1950 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ተመረቀ። ቦታው ደጋማ አየር ያለው፣ ለድሬዳዋ የባቡር ጣቢያ የቀረበ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም የተወለዱት በዚያው በሐረርጌ፣ በኤጀርሳ ጎሮ ነበር።

ኮሌጁ የተዋቀረው ማስተማርን፣ ምርምርንና የእርሻ ኤክስቴንሽንን (የምርምርን ውጤት ለገበሬው የማድረስ ሥራን) በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያኖረው የአሜሪካ ልማድ ነው። ከዚህ የተገኘው ፍሬ ትንሽ አይደለም፤ በ2001 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ሽልማት አሸናፊ መሆናቸው የተነገረው የማሽላ ተመራማሪ ገቢሳ ኤጄታ የተማሩት በዚሁ ኮሌጅ ነው። የመሬት ባለቤትነት ጉዳይ ግን፣ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ በአሜሪካ ልምድ ላይ የተቀረጸ የአዝመራ ትምህርት ሊፈታው የሚችል አልነበረም፤ ጭሰኛ ለሆነ ገበሬ የተሻለ ዘር ማግኘት ብቻውን የምርቱ ባለቤት አያደርገውም።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1954 ዓ.ም. ሲመሠረት አለማያም በሥሩ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ቻንስለር፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲው የበላይ ኃላፊ፣ ነበሩ፤ ፕሬዚዳንቱ ልጅ ካሣ ወልደ ማርያም ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱን የልጅ ልጅ፣ ልዕልት ሰብለ ደስታን ያገቡ፣ ለቤተ መንግሥት እጅግ የቀረቡ ሰው ነበሩ። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት እርሳቸው ፕሬዚዳንት ሳሉ ነው። ልጅ ካሣ በ1961 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲው ወደ ወለጋ ጠቅላይ ግዛት አስተዳዳሪነት ተዛወሩ፤ ቆይተውም የእርሻ ሚኒስትር ሆኑ። በእነዚያ ዓመታት ከዩኒቨርሲቲ ወንበር ወደ አገረ ገዥነት መሻገር ከሹመት ወደ ሹመት ማለፍ እንጂ ሙያ መለወጥ ተደርጎ አይታይም ነበር። ልጅ ካሣ አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. በደርግ ተገደሉ።

የኦክላሆማ ውል ቀደም ብሎ በ1960 ዓ.ም. አብቅቶ ስለነበር፣ ኮሌጁ አብዮቱን የተቀበለው ከአሜሪካውያን አመራር ከወጣ ከዓመታት በኋላ ነው። በ1977 ዓ.ም. ራሱን የቻለ የግብርና ዩኒቨርሲቲ ሆነ።