የእንግሊዝ ገጠር ለእግረኛ ዝግ ነውን? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ማሳው የግል ስለሆነ እግረኛ አይገባበትም።» ስህተቱ የሚመነጨው ባለቤትነትንና የመተላለፍ መብትን አንድ አድርጎ ከማየት ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ሕዝብ የመተላለፍ መብት ያለው 225,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ሲኖር፣ አብዛኛው የሚያልፈው በግል እርሻና ግጦሽ ላይ ነው፤ ባለመሬቱ መሬቱን ሊሸጥ ይችላል፣ መንገዱን ግን በራሱ ሥልጣን ሊዘጋው አይችልም። ከመንገዱ ወጥቶ የተገኘ ሰውም ቢሆን በአብዛኛው የሚጠየቀው በፍትሐ ብሔር እንጂ በወንጀል ስላልሆነ፣ በየአጥሩ የሚለጠፈው «ያለ ፈቃድ የገባ በወንጀል ይከሰሳል» የሚል ማስታወቂያ ከሕግ ይልቅ በፍርሃት የሚሠራ ነው።

«ብሔራዊ ፓርክ የመንግሥት መሬት ነው።» የስሜን ተራሮችን የመግቢያ ክፍያ ከፍሎ ለጎበኘ ሰው እንዲህ ማሰብ አያስደንቅም። የእንግሊዝ ፓርኮች መሬት ግን በአብዛኛው የግል ሲሆን፣ በውስጣቸው መንደሮችና እርሻዎች አሉ፤ ለመግባትም ክፍያ የለም።

«መብቱን መንግሥት በቸርነቱ ሰጠ።» እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 24 ቀን 1932 ከማንቸስተርና ከአካባቢው የመጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ወጣት ሠራተኞች፣ ለወፍ አደን ተብሎ ወደተዘጋው ኪንደር ስካውት ተራራ ሆን ብለው ወጡ። ከአደን ጠባቂዎች ጋር በተፈጠረው ግብግብ ምክንያት አምስቱ ታሰሩ። የብሔራዊ ፓርኮች ሕግ የወጣው በ1949 ሲሆን፣ ያ ተራራ የሚገኝበት ፒክ ዲስትሪክት በ1951 የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ በክፍት ምድር ላይ ከመንገድ ወጥቶ የመዘዋወር አጠቃላይ መብት ግን እስከ 2000 ሕግ ድረስ ዘግይቷል።

«የ2000ው ሕግ አገሩን በሙሉ ከፈተ።» የከፈተው በካርታ የተለዩ ተራሮችን፣ ዛፍ አልባ ገላጣ ምድሮችንና የወል መሬቶችን ብቻ ሲሆን፣ ይህም ከእንግሊዝ መሬት 8 በመቶ ያህል ነው። በስኮትላንድ የ2003ቱ ሕግ፣ እግረኛው ኃላፊነት እስከተሰማው ድረስ፣ አብዛኛውን መሬትና የውስጥ ውኃ ክፍት አድርጓል፤ ድንኳን ተክሎ ማደርም ይፈቀዳል። የእንግሊዙ ሕግ ከዚህ አንጻር ጠባብ መሆኑ አያከራክርም።

«መብት ከሰፋ የከብትና የሰብል ጉዳት ይበዛል።» መብቱ ግዴታም አለው፤ ለምሳሌ በእንግሊዝ ክፍት መሬት ላይ ከማርች 1 እስከ ጁላይ 31 ውሻ ከ2 ሜትር በማይበልጥ ማሰሪያ መያዝ አለበት።

«ተፈጥሮን ለማግኘት ሩቅ ተራራ መሄድ ግድ ነው።» በእኔ እይታ ከሁሉ የሚጎዳው ይህ ነው። ክፍት የተባለው መሬት በአመዛኙ ከትልልቅ ከተሞች ርቆ በደጋው ሲገኝ፣ የእግር መንገዱ ግን ብዙ ጊዜ ከመንደሩ የመጨረሻ ቤት አጠገብ ይጀምራል፤ የብሪታንያ ብሔራዊ የካርታ ሥራ ተቋም የሆነው ኦርድናንስ ሰርቬይ በ1፡25,000 መስፈርት ባዘጋጀው ካርታ ላይም በአረንጓዴ የተቆራረጠ መስመር ተሠምሮ ይታያል።