የውቅያኖስ ወለል መስፋፋት ምንድን ነው?

ክረምቱ ወጥቶ በወሎ ቆላ አንድ ማሳ በተሰነጠቀ ቁጥር «የውቅያኖስ ወለል መስፋፋት ደረሰብን» የሚል ጽሑፍ ማንበብ ልማድ ሆኗል። በቅርቡም አንድ አስተያየት ሰጪ ስንጥቁ ሲሰፋ ባሕሩ ገብቶ ኮምቦልቻን የወደብ ከተማ እንደሚያደርጋት በሙሉ ልብ ጽፏል። የሥነ ምድር ባለሙያ ሆኜ ይህን በዝምታ ማለፍ ከብዶኛል፤ ስሕተቱ የሚነሣው «መስፋፋት» ከሚለው ቃል ነውና።

መስፋፋት ማለት ክፍተት መፈጠር አይደለም። ሁለት የምድር ቅርፊት ክፍሎች ሲራራቁ ከሥር የሚወጣው ቅልጥ አለት በመካከላቸው እየረጋ ባዛልት የተባለ አዲስ አለት ይሆናል። ስለዚህ የውቅያኖስ ወለል ውሃ የዋጠው የድሮ የብስ ሳይሆን እዚያው የተሠራ አለት ነው።

እግሩን ከጉድጓድ ከትቶ የተቀመጠ ሸማኔ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሁለት ኩታ በአንድ ጊዜ ያወጣል እንበል። ጉድጓዱ፣ የካርታ ባለሙያዋ ማሪ ታርፕ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጥልቀት ልኬቶችን በወረቀት ላይ ስታሰፍር በአትላንቲክ መካከል ያገኘችው ስምጥ ሸለቆ ነው። ከጉድጓዱ አጠገብ ያለው ጨርቅ አሁን የተሸመነ፣ የራቀው ደግሞ የቆየ ነው። ማጉም ነጭና ጥቁር እየሆነ ይፈራረቃል፤ ባዛልት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያሉት የብረት ማዕድናት የዘመኑን የምድር መግነጢስ አቅጣጫ ይዘው ይቀራሉ፣ አቅጣጫውም በየዘመኑ ስለሚገለበጥ በጉድጓዱ ፊትና ኋላ ያሉት ጥለቶች እንደ መንታ ይመሳሰላሉ። ተመራማሪዎቹ ቫይንና ማቲውስ ይህን ትርጉም በ1963 (እ.ኤ.አ.) አሳተሙ፤ በ1968 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ግሎማር ቻሌንጀር የተባለችው መርከብ በደቡብ አትላንቲክ ወለሉን ስትቆፍር ከመካከሉ በራቁ ቁጥር ዕድሜው እየጨመረ መሄዱ ታየ። ምሳሌው የሚያነክስበት ቦታ ግን አለ። ሸማኔ ጨርቁን በራሱ እጅ ይጠቀልላል፤ የውቅያኖስን ወለል ግን በብዙ ቦታ የሚስበው ከዳር ወደ ምድር ሆድ የሚሰምጠው ቀዝቃዛ ጫፉ ነው፣ አትላንቲክ ደግሞ እንዲህ ያለ ጫፍ እምብዛም የለውም። ጨርቁ በዚህ መንገድ ስለሚያልቅ ከ200 ሚሊዮን ዓመት ያለፈ ወለል ማግኘት ይከብዳል።

ወደ አስተያየት ሰጪው ልመለስ። ውሃ መግባቱ ውቅያኖስ የመወለድ ምልክት ቢሆን ኖሮ የዳናክል ረባዳ ገና ዱሮ ውቅያኖስ በተባለ ነበር። ከባሕር ጠለል በታች 120 ሜትር ያህል ዝቅ ያለው ይህ ምድር ቀይ ባሕር ገብቶበት ተመልሶ ደርቋል፤ አያቶቻችን የተገበያዩበት አሞሌ የተቆረጠው እዚያ ከቀረው ጨው ነው። በአንጻሩ የፋርስ ባሕረ ሰላጤ ውሃ ተኝቶበታል፣ ወለሉ ግን የአህጉር ቅርፊት ነው።

በእኛ አካባቢ በእርግጥ የተፈጸመውን ማወቅ የሚፈልግ ሰው መስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር ዳባሁ የሆነውን ይመልከት። 60 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም መስመር ቅልጥ አለት ከመሬት በታች ገብቶ ምድሩን እስከ 8 ሜትር አራራቀው። ይህን ቁጥር ይዞ «በአሥር ዓመት 80 ሜትር» ብሎ ማባዛት ግን አይገባም፤ የዓረብና የአፍሪካ ምድር በዚያ አካባቢ የሚራራቀው በዓመት በአማካይ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል በመሆኑ፣ ያ ስምንት ሜትር የአራት መቶ ዓመት ያህል ውዝፍ ነበር። የአፋር ቅርፊትም ከተለመደው የውቅያኖስ ቅርፊት ገና እጥፍ ያህልና ከዚያም በላይ ይወፍራል።

ባዛልት ሁሉ የውቅያኖስ ወለል እንዳልሆነም ልጨምር። ደሴ ላይ ሆኖ ጦሳን የሚያይ ሰው የሚያየው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በአህጉር ላይ የፈሰሰ ባዛልት ነው። የማሳ ስንጥቅ ግን ብዙ ጊዜ ጎርፍ ከሥር ያለውን ልል አፈር አጥቦ ሲወስደው የሚፈጠር ነው፤ አስተያየት ሰጪው ባሳየው ፎቶግራፍም ከስንጥቁ ውስጥ የሚታየው ጭቃ ነበር።