ማፈንገጥ ምንድን ነው? በወንጀል ልብ ወለድ ውስጥስ ምን ይሠራል?

እስቲ አንድ የወንጀል ልብ ወለድ በሐሳባችን እንጀምር። ቦታው ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ነው፤ ገና አልነጋም። ዓሣ አስጋሪዎች መረባቸውን ሲጎትቱ አስከሬን ይወጣል። መርማሪው ደርሶ «ማንን ትጠረጥራላችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ ሰፈርተኛው ሳይመካከር ወደ አንድ ሰው ይጠቁማል፦ እድር ወደሌለው፣ ለቅሶ ወደማይደርሰው፣ ሌሊት ሌሊት በሐይቁ ዳር ብቻውን ወደሚዞረው ጎልማሳ። ሰውየው ምን አጠፋ? በሕግ ዓይን ምንም። በሰፈሩ ዓይን ግን ብዙ።

የሶሲዮሎጂ (የማኅበረሰብ ጥናት) ሰዎች ማፈንገጥ የሚሉት ይህንን ነው። ማኅበረሰቡ «ሰው እንዲህ ይኖራል» ብሎ ካሰመረው መስመር መውጣት ማለት ነው። ወንጀል ግን በሕግ ተጽፎ ቅጣት የተቆረጠለት ድርጊት ነው፤ በእኛ አገር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ይዘረዝረዋል። ሁለቱ አንዳንዴ ይገናኛሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ለቅሶ የማይደርስ ሰው አፈንጋጭ ቢባልም ወንጀለኛ አይደለም። እዚያው ሐይቅ ላይ ቀዳዳው በጠበበ መረብ ገና ያላደገ ቆሮሶ ዓሣ የሚያወጣ ሰው ደግሞ ደንብ ይጥሳል፤ ጎረቤቱ ግን «ልጆቹን ለማሳደግ የሚለፋ ታታሪ» ይለዋል። መስመሩም ከአገር አገር ይለያያል። ከወንዶ ገነት መጥቶ ሐዋሳ ውስጥ በግልጽ የሚሸጠው ጫት እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በብሪታንያ የተከለከለ ዕፅ ነው። ቅጠሉ ያው ቅጠል ነው።

ፈረንሳዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ኤሚል ዱርኬም እ.ኤ.አ. በ1895 ባሳተመው መጽሐፉ ወንጀል የሌለበት ማኅበረሰብ እንደማይገኝ ይከራከራል። ቅዱሳን ብቻ በሚኖሩበት ገዳም እንኳ፣ እኛ ከቁም ነገር የማንቆጥራት ጥፋት እንደ ከባድ ነውር ትታያለች ይላል። በተጨማሪም ጥፋተኛን ማውገዝ የቀሩትን ሰዎች ያቀራርባል የሚል ሐሳብ አለው። ወደ ልብ ወለዳችን እንመለስ፦ ግድያው በተሰማ ማግስት ለዓመታት የተኳረፉ ጎረቤታሞች አንድ ረከቦት ዙሪያ ተቀምጠው ስለ ሟች ያወራሉ። ይህን የተረዳ ደራሲ የቡናውን ትዕይንት ለማሳመሪያ አይጽፈውም።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ግን የፍረጃ ጉዳይ ነው። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ሃዋርድ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1963 እንዳስረዳው፣ አፈንጋጭነት በድርጊቱ ውስጥ ተደብቆ የሚገኝ ጠባይ አይደለም፤ ደንብ የሚያወጡና ደንቡን በሌላው ላይ የሚያውሉ ሰዎች የሚለጥፉት ስም ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን። «ዱርዬ» የሚለውን ስም የሚያወጣው ግን ሰፈር ነው፤ መልአክ እዚህ ውስጥ የለበትም። በቀደመው ዘመን ጥፋተኛው ሳይታወቅ ሲቀር አገሬው ተሰብስቦ የሚያውቀውን እስኪያወጣ የሚያዝበት አውጫጭኝ የሚባል ሥርዓት ነበረን። ሕዝቡ ራሱ መርማሪ ነበር ማለት ይቻላል። ኃይሉ ግልጽ ነው፤ ከጎረቤት ዓይን ምን ይሰወራል? አደጋው ደግሞ፣ በእኔ ግምት፣ ጉባኤ ሲጨንቀው ቀድሞውንም የማይወደውን ሰው ስም ለመጥራት መቅረቡ ነው። በልብ ወለዳችን ወደ ብቸኛው ጎልማሳ የጠቆሙት ጣቶች የዚያ ጉባኤ ልጆች ናቸው።

ታዲያ ገዳዩ ማን ይሁን? ደካማ ደራሲ እዚህ ላይ ይወድቃል፦ ጠባሳ ያለበትን፣ ሰካራሙን፣ ከሌላ አገር የመጣውን ይመርጣል። አንባቢም ገና በሦስተኛው ምዕራፍ ያውቀዋል። ሌላው አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ሊቅ ኤድዊን ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1939 ባደረገው ንግግር የተከበሩ ሰዎች በሥራቸው አጋጣሚ የሚፈጽሙት ወንጀል ከወንጀል ጥናት ውጭ መቅረቱን ተችቶ ነበር። የሙያ ባልደረባው ሮበርት መርተን ደግሞ ከእርሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሁሉም እንዲበለጽግ እየተነገረው መንገዱ ለሁሉም ካልተከፈተ አንዳንዱ አቋራጭ እንደሚፈልግ ጽፏል። ሁለቱን ካጋባን ገዳዩ የእድሩ ሰብሳቢ ሊሆን ይችላል፦ ለቅሶ የማይቀር፣ ሰንበት የማያጓድል፣ በጓሮ በኩል ግን የሟችን መሬት በሐሰተኛ ሰነድ የሸጠ። ወንጀለኛ ነው፤ አፈንጋጭ ብሎ የሚጠራው ግን አንድም ሰው የለም። መርማሪው ሲያንኳኳ በሩን የሚከፍትለት፣ ቡና የሚያቀርብለትም እርሱ ነው።

መርማሪው ሰብሳቢውን ሲይዝ አብዛኛው የወንጀል ልብ ወለድ ያበቃል። እኔ አንድ ምዕራፍ እጨምር ነበር። በጥርጣሬ ታስሮ የነበረው ጎልማሳ ተፈትቶ ወደ አሞራ ገደል ይመለሳል፤ የዓሣ ሾርባ ያዝዛል። ንፁሕ መሆኑን ሬዲዮ ነግሯል፤ ሻጯም ሰምታለች። ሾርባውን ትቀዳለታለች። ገንዘቡን ሲዘረጋላት ግን እጇን ሳትሰድድ «እዚያ አኑርልኝ» ትለዋለች።