«አያቴ ማይጨው ላይ ወደቀ»፦ ስለ 1928ቱ ዘማች በየቤቱ የሚነገሩ ስህተቶች

ጣልያን በወረረን በ1928 ዓ.ም. የክተት አዋጁን ሰምቶ ከወሎ የዘመተና ያልተመለሰ ሰው ሁሉ፣ የልጅ ልጆቹ እንደሚሉት ከሆነ፣ የሞተው ማይጨው ላይ ነው። ደሴ ውስጥ ታሪክ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እንኳ ስለ አያቱ ሊጠይቀኝ የሚመጣ ሰው ንግግሩን የሚጀምረው በዚሁ ዓረፍተ ነገር በመሆኑ፣ በቃል ማረሙ ስለሰለቸኝ በጽሑፍ ላስቀምጠው ወስኛለሁ።

ቀለል የሚሉትን ላስቀድም። «ዘማቹ የያዘው ጦርና ጋሻ ብቻ ነበር» ይባላል። ጦር ብቻ ይዘው የዘመቱ መኖራቸው እውነት ነው፤ አብዛኛውን እግረኛ የጎዳው ግን የጠመንጃው ማርጀትና የጥይቱ አለመገጣጠም ነበር። ውጅግራ የሚባለው ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1874 በፈረንሳይ የወጣ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ መሣሪያ ሲሆን፣ ባሩዱ ጥቁር በመሆኑ በተተኮሰ ቁጥር የሚወጣው ጢስ ተኳሹ የት እንዳደፈጠ ለጠላት ያሳይ ነበር። ከጎኑ ያለው ጓደኛው ምንሽር የሚባለውን ሌላ ጠመንጃ የያዘ እንደሆነ ደግሞ ጥይት ቢያልቅበት ሊበደረው አይችልም።

«መንግሥት ይቀልበው ነበር» የሚለው የዛሬውን ሠራዊት ወደ ኋላ ወስዶ ማሰብ ነው። በቤልጅግ መኰንኖች የሠለጠነው ክቡር ዘበኛ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የክተቱ ዘማች ግን በሶውንና ቆሎውን ከገዛ ቤቱ ቋጥሮ የወጣ ሰው ነው። «ሴቶች አልዘመቱም» የሚሉ ሰዎች ያንን ስንቅ በየሰፈሩ ማን ይፈጭና ያበስል እንደነበር አይጠይቁም።

የመርዙን ነገር በተመለከተ፣ ጣልያን መርዝ የተጠቀመው ማይጨው ላይ ብቻ አይደለም፤ ከታኅሣሥ 1928 ጀምሮ በተከዜ አካባቢ ጥሎታል። ጢስ ብቻም አልነበረም። አይፐራይት የተባለው መርዝ ከአውሮፕላን እንደ ጠል እየተረጨ ሣሩና ውሃው ላይ የሚያርፍ ፈሳሽ ሲሆን፣ በባዶ እግሩ የሚሄደው ዘማች ረግጦት ካለፈ ከሰዓታት በኋላ ነበር ቆዳው ማበጥና መላጥ የሚጀምረው። የአፍና የአፍንጫ መከላከያ ቢኖረው እንኳ እግሩን አያድንለትም ነበር። የጣልያን መከላከያ ሚኒስቴር ይህን ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። ማይጨው መጋቢት 22 ቀን የተደረገ ውጊያ ነው። ጦርነቱ ግን የተጀመረው መስከረም 22 ቀን ነው፤ በመካከሉ ባሉት ስድስት ወራት በሺዎች የሚቆጠሩ እግረኞች በሌላ ቦታ ወድቀዋል። ጥር 11፣ በጥምቀት ዕለት፣ የመጀመሪያው የተንቤን ውጊያ ተጀመረ። የካቲት በገባ በሁለተኛው ቀን አምባ አራዶም ላይ፣ በወሩ መጨረሻ ገደማ ደግሞ ተንቤን ላይ እንደገናና ሽሬ ላይ ውጊያ ነበር። ከማይጨው ከተረፈውም ብዙው በማፈግፈግ ላይ ሳለ አሸንጌ ሐይቅ ዳር በአውሮፕላን ተደብድቦ አልቋል። ኅዳር 26 ቀን እዚሁ ደሴ ላይ በወረደው ቦምብ የሞተ አለ። አምስቱን ዓመት በአርበኝነት ቆይቶ በ1933 የሞተም አለ። ይህ ሁሉ ሰው «ማይጨው» በሚል አንድ ስም ሲጠራ፣ ቤተሰቡ ያከበረው ይመስለዋል እንጂ የወደቀበትን ቦታ እየነጠቀው ነው።

አንዲት የኮምቦልቻ ወይዘሮ ለቤተሰቡ መቃብር የሚሆን የእምነበረድ ጽሑፍ አስረቅቀው መጡ። አያታቸው በደሴ በኩል ወደ ሰሜን ካለፈው ከራስ ሙሉጌታ ጦር ጋር መሄዳቸውን ራሳቸው እየነገሩኝ፣ ረቂቁ ግን «ማይጨው ላይ የወደቁ» ይላል። ራስ ሙሉጌታ እኮ የተዋጉት አምባ አራዶም ላይ ነው፤ የሞቱትም የማይጨው ውጊያ ከመደረጉ በፊት ነው! መርዶውን ያመጣው ማን እንደነበር ስጠይቃቸው፣ አንድ ጎረቤት ከዘመቻ ተመልሶ «አረፋን አብረን አላደረግንም» ማለቱን አክስታቸው ሲያወሩ መስማታቸውን አስታወሱ። የዚያ ዓመት አረፋ የዋለው በየካቲት መጨረሻ ላይ ነው፤ ከማይጨው በፊት ወደ አንድ ወር ገደማ ማለት ነው። እንግዲህ ሰውየው የሞቱት አምባ አራዶም ወይም ከዚያ ሲመለሱ መንገድ ላይ ነው። ወይዘሮዋ አልተደሰቱም። «ማይጨው ቢባል ምን ይጎዳል?» አሉኝ። አምባ አራዶም ላይ የሞተ ሰው ያነሰ ሞት የሞተ የሚመስለን ከሆነ፣ ጉዳቱ እዚያው ጥያቄው ውስጥ አለ።

የክተቱ ዘማች አንገቱ ላይ መለያ ቁጥር አልነበረውም፤ ስሙን የሚያውቀው አለቃው ነበር፤ አለቃውም ብዙ ጊዜ አብሮት ሞቷል። ስለዚህ «መዝገብ የት ይገኛል?» እያላችሁ ቢሮ ለቢሮ አትንከራተቱ። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የማን ጭፍራ እንደነበር ነው፤ የጦር አበጋዙ ስም ቦታውን ግማሽ በግማሽ ይነግራችኋል። ቀጥሎ በዓል ጠይቁ። ሽማግሌ ቀን ይረሳል እንጂ በዓል አይረሳም፤ «ጥምቀትን ሳያይ» የተባለ ሰው ሁለቱንም ተንቤን አላየም፤ «ሁዳዴ ከገባ በኋላ» የተባለው ደግሞ ከየካቲት 9 ወዲህ ነው፤ ከሙስሊም ቤተሰብ «በአሹራ ሰሞን» የሚል ቃል ከተገኘ፣ ያን ጊዜ ማይጨውም አሸንጌም ሊሆን ይችላል። በተዝካሩ ወይም በሰደቃው ቀን ግን አትታለሉ፤ እርሱ የሚቆጠረው ብዙ ጊዜ መርዶው ከደረሰበት ዕለት ነው፤ መርዶውም ወራት ዘግይቶ የደረሰበት ቤት ብዙ ነው። ከቀኑ ይልቅ መርዶ ነጋሪው የተናገረውን ቃል ፈልጉ፤ ያንን ቃል በየቤቱ ይዘው የቆዩት ሴቶች ናቸው፤ ስለዚህ ወደ እኔ ከመምጣታችሁ በፊት አክስቶቻችሁን ጠይቁ።