ጣና ዳር እንቁራሪት፣ እስስትና አርጃኖ ፎቶ ማንሳት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ባሕር ዳር የሚመጣ ፎቶ አንሺ ካሜራውን የሚያዞረው ወደ ወፉ፣ ወደ ጢስ ዓባይና ወደ ገዳማቱ ነው። እንቁራሪትና ተሳቢ እንስሳ ፈልጎ የሚመጣው ጥቂት ነው፤ እሱም ቢሆን ወሩንና ሰዓቱን ስለሚስት ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል። ይህ ያሳዝናል። በኢትዮጵያ ከሚታወቁት የእንቁራሪት ዝርያዎች ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ሌላ አገር የማይገኙ ብርቅዬዎች ናቸው፤ ብዙዎቹም በደንብ የተነሳ ፎቶና የተቀዳ ድምፅ የላቸውም።

«ምርጡ ጊዜ በጋ ነው፤ ሰማዩ ሲጠራ፣ መንገዱ ሲደርቅ»

ለወፍና ለጀልባ ጉዞ እውነት ነው። ለእንቁራሪት ግን በጋ ማለት አፈር ስንጥቅ ውስጥና ሥር ሥር ገብቶ የሚጠብቅበት ወቅት ነው። ባሕር ዳር ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንባል፤ ሐምሌና ነሐሴ ይበረታል። ወንዶቹ ሴት ለመጥራት መጮህ የሚጀምሩት መሬቱን ያራሰ የመጀመሪያው ጠንካራ ዝናብ ሲጥል ነው፤ ግንቦት መጨረሻ ወይም ሰኔ ላይ ማለት ነው። እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከነሐሴ ይሻላሉ፤ በነሐሴ ሜዳው ሁሉ ውሃ ስለሚይዝ እንስሳቱ ይበተናሉ፣ ጭቃውም አያስኬድም። ከሰዓት በኋላ ዘንቦ ነፋስ ያልበዛበትን ምሽት ምረጡ፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ዋናው ሰዓት ነው።

ለተሳቢዎች ነገሩ ይገለበጣል። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ድረስ ድንጋይና ግንድ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ገላቸው ከሞቀ በኋላ ግን ሲያዩአችሁ ይሮጣሉ፤ ስለዚህ ቀድሞ መድረስ ይጠቅማል።

«ብርቅዬ ነገር የሚገኘው ሩቅ ጫካ ውስጥ ነው»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የዘጌ የቡና ጫካ ውብ ነው፤ ነገር ግን የእንቁራሪት ፈላጊ ዋና ቦታው ጨፌ፣ የመንገድ ዳር ቦይ፣ የከብት ውሃ መጠጫና የፎገራ የሩዝ ማሳ ዳርቻ ነው። በጎጃም ደጋ ብቻ የምትገኘውና በ1977 እ.ኤ.አ. በማልኮም ላርገን ለሳይንስ የተገለጸችው ሌፕቶፔሊስ ያልዴኒ የዛፍ እንቁራሪት ወገን ብትሆንም የምትፈለገው እርጥብ ሣርና ቁጥቋጦ ውስጥ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ከፍታው እየጨመረ ሲሄድ ሜዳዎቹን በጆሮ መቃኘት ያዋጣል።

በጆሮ ያልነው በምክንያት ነው። ሣር ውስጥ ያለች እንቁራሪት ለዓይን አትያዝም። ሁለት ሰዎች ከ5 እስከ 6 ሜትር ተራርቃችሁ ቁሙ፤ ባትሪ አጥፉ፤ አንዷን ድምፅ ብቻ ምረጡና ሁለታችሁም ወደ እሷ እጃችሁን ዘርጉ። ከዚያ ባትሪያችሁን በእጃችሁ አቅጣጫ አብሩ፤ ብርሃኖቹ የሚገናኙበት ቦታ እንቁራሪቷ ያለችበት ነው። ስትጠጉ ዝም ካለች አንድ እርምጃ እንኳ አትጨምሩ፤ ብርሃኑን አጥፍታችሁ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ጠብቁ። አብዛኛውን ጊዜ ጎረቤቷ ስትጀምር እሷም ትከተላለች። የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ሰው ይቸኩላል፣ ሣሩን በእግሩ ይገልጣል፣ እንቁራሪቷ ውሃ ውስጥ ትዘላለች፣ የሌሎቹም ድምፅ ይቆማል።

ባትሪው ግንባር ላይ የሚታሰር ቢሆን ይመረጣል። የዓይናቸው ነጸብራቅ የሚታየው ብርሃኑ ከእናንተ ዓይን አጠገብ ሲወጣ ነው፤ በወገብ ደረጃ በእጅ የተያዘ ባትሪ ነጸብራቁን ያሳጣል። ሣሩ ላይ እንደ ጤዛ ጠብታ የሚያብለጨልጩት ትንንሽ አረንጓዴ ነጥቦች ግን የሸረሪት ዓይኖች ናቸው፤ አትከተሏቸው።

«ጥሩ ፎቶ ካለ ዝርያው ይታወቃል»

ሁልጊዜ አይደለም። ፕቲካዴና የሚባሉት ሹል አፍንጫና ረጅም እግር ያላቸው የሣር እንቁራሪቶች በኢትዮጵያ ደጋ ብዙ ዝርያ አላቸው፤ አንዳንዶቹ በመልክ እጅግ ስለሚመሳሰሉ የሚለዩት በድምፅና በዲኤንኤ ነው። ስለዚህ ከላይ የተነሳ አንድ የሚያምር ፎቶ ብቻውን አይበቃም። ጎኗን ከነጆሮዋ ክብ፣ ጀርባዋ ላይ ያሉትን ቁመታዊ እጥፋቶች፣ የጭኗን የኋላ ገጽ ቀለምና በእግር ጣቶቿ መካከል ያለውን ስስ ቆዳ አንሱ። ወንዱ ሲጮህ ከተያዘ በጣም ጥሩ፦ ፕቲካዴና በጉሮሮው ግራና ቀኝ ሁለት ከረጢት ሲነፋ፣ ጉርጥ ግን ከአገጩ ሥር አንድ ትልቅ ከረጢት ብቻ ይነፋል።

ድምፁን በስልክ ቅዱ። ከ1 ሜትር ርቀት ቢያንስ 1 ደቂቃ፣ ከተቻለ ባልታመቀ የዋቭ ፋይል። መጨረሻው ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የአየሩን ሙቀት በራሳችሁ ድምፅ ተናገሩ፤ ሙቀት ሲቀንስ የጩኸቱ ፍጥነትም ስለሚቀንስ ያለ ሙቀት መጠን የተቀዳ ድምፅ ለማወዳደር ያስቸግራል።

«እስስት ያረፈችበትን ቀለም ትመስላለች፤ ደግሞም መርዛም ናት»

ሁለቱም ስህተት ነው። መርዝ የላትም። ቀለሟ የሚለወጠውም በሙቀት፣ በድንጋጤና ከሌላ እስስት ጋር በምታደርገው መግባባት ነው፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቆዳዋ ውስጥ ያሉ ደቃቅ ክሪስታሎች እርስ በርስ ሲቀራረቡና ሲራራቁ የሚያንጸባርቁት ብርሃን እንደሚለወጥ አሳይተዋል። ይህ ለፎቶ አንሺ ትልቅ ትርጉም አለው። የጠቆረች፣ የተነፋችና አፏን የከፈተች እስስት ፎቶዋ ቢያምርም ተጨንቃለች፤ ካሜራችሁን ይዛችሁ ወደ ኋላ ሂዱ።

በቀን ከመፈለግ ማታ ይቀላል። ከጨለመ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በአጥርና በቁጥቋጦ ዳር ቀስ ብላችሁ ሂዱ፤ የምትተኛው ቀጭን ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ነው፤ የተኛች እስስት ቀለሟ ስለሚገረጣ በባትሪ ብርሃን ከቅጠሉ ለይታችሁ ታዩዋታላችሁ። ቅርንጫፉን አትንኩ፤ ከነቃች መሬት ወድቃ ለድመትና ለሌላ አዳኝ ትጋለጣለች። ሦስት አራት ፎቶ ይበቃል።

«ማታ ጣና ዳር የሚያሰጋው እባብ ነው»

ከእባብ ይልቅ ጉማሬ ያስፈራል። በተለይ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢና በደንገሉ ዳር ማታ ማታ ለግጦሽ ይወጣል። የሚመላለስበት መንገድ ይታወቃል፦ ሁለት ትይዩ የተረገጡ መስመሮች፣ መሐላቸው ከፍ ያለ የሣር ጀርባ። እንዲህ ያለ መንገድ ላይ አትቁሙ፤ በጉማሬና በውሃው መካከልም አትግቡ። ሁልጊዜ ቦታውን ከሚያውቅ ዓሣ አጥማጅ ወይም ገበሬ ጋር ውጡ።

ቢልሃርዚያ ጣና ዳር አለ፤ ጥገኛ ትሉ የሚገባው በቆዳ ስለሆነ እስከ ጉልበት የሚደርስ የጎማ ቦት ጫማ ግድ ነው። ወባም አለ።

እባብን በተመለከተ፣ እፉኝት ሰው ሲመጣ ከመሸሽ ይልቅ ባለበት ስለሚቀር ባትሪ ሳታበሩ አንድ እርምጃ አትራመዱ፤ ስታነሱትም ቢያንስ የቁመቱን ሁለት እጥፍ ራቁ። ከተነደፋችሁ መብጣት፣ መምጠጥ፣ ጠበቅ አድርጎ ማሰርና ጥቁር ድንጋይ መለጠፍ ጊዜ ይገድላሉ፤ አንዳንዶቹም ጉዳት ይጨምራሉ። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፣ የተነደፈው ክፍል እንዳይንቀሳቀስ ደግፉ፣ በቀጥታ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሂዱ። የእባብ መርዝ ማርከሻ በእጃቸው መኖሩን ከጉዞው በፊት ደውሎ መጠየቅ ብልህነት ነው።

«ጣና ውስጥ አዞ አለ»

የለም። አዞ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ባለው የዓባይ ሸለቆ ነው። ሐይቁ ዳር ዘጭ ብሎ ውሃ ውስጥ የሚገባው አርጃኖ ነው፤ እስከ 2 ሜትር ያድጋል። ከጀልባ ሲነሳ ሞተሩን ቀድሞ አጥፍቶ መንሳፈፍ፣ 300 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ሌንስ መጠቀም፣ ጀልባው ስለሚወዛወዝም ሹተሩን ወደ 1/1000 ሰከንድ ማድረስ ነው።

«እንቁራሪቷን በእጅ ይዞ ማስተካከል ችግር የለውም»

ችግር አለው። ቆዳዋ የነካውን ሁሉ ይመጥጣል፤ የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባትም ሆነ የፀሐይ ቅባት ይጎዳታል። ቅባቱን ከመዳፋችሁ አርቁ። ከዚህ የከፋው በዓለም ዙሪያ ብዙ እንቁራሪት የጨረሰው ካይትሪድ ፈንገስ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥም ተገኝቷል፤ ከጨፌ ወደ ጨፌ በጫማ ጭቃ ሊጓዝ ይችላል። ስለዚህ ቦታ ስትቀይሩ መጀመሪያ ጭቃውን በብሩሽ አራግፉ፤ ጭቃ በረኪናውን ያደክመዋልና። ከዚያ በዕለቱ የተበጠበጠ 1 እጅ በረኪና በ4 እጅ ውሃ ቀቡትና 5 ደቂቃ አቆዩት። ፍሳሹን ከውሃ ርቃችሁ ድፉ፤ እጮቹን ይገድላል።

እንቁራሪቷን ከማስተካከል ራሳችሁን አስተካክሉ፤ ደረታችሁን መሬት አስነክታችሁ ሌንሱን ከዓይኗ ጋር እኩል አድርጉ። ከ90 እስከ 105 ሚሊሜትር ማክሮ ሌንስ፣ ኤፍ 11፣ 1/160 ሰከንድ፣ አይኤስኦ 400 ጥሩ መነሻ ነው። እርጥብ ቆዳ ላይ ነጭ ነጥብ የሚፈጠረው የፍላሹ መብራት ትንሽ ስለሆነ ነው፤ ነጭ ስስ ፕላስቲክ ወይም ጨርቅ ከፍላሹ ፊት ወጥሮ ወደ እንስሳው ማስጠጋት ያለሰልሰዋል። ማክሮ ሌንስ የሌለው ሰው በስልክ አንስቶ ብርሃኑን በጓደኛ ባትሪ ከጎን ቢያመጣ ለመለየት የሚበቃ ፎቶ ያገኛል።

«ፎቶ ብቻ ስለሆነ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ቦታውንም ለሁሉም መንገር ጥሩ ነው»

ማሳ የገበሬ ነው፤ ማታ ባትሪ ይዞ የሚዞር ባዕድ ያስደነግጣል፤ ቀን ሄዳችሁ ባለቤቱን አናግሩ። በገዳማት ቅጥር ያለ አባቶች ፈቃድ አይገባም፤ ክብራን ገብርኤልን የመሰለ ለሴቶች የተከለከለ ገዳምም አለ። እንስሳ መያዝ ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን፣ የዲኤንኤ ናሙና መውሰድ ደግሞ ከብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ይጠይቃል። እስስት፣ አርጃኖና ዘንዶ ንግዳቸው በዓለም አቀፉ የሳይተስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው።

እነዚህን እንስሳት የሚሸጡ ሰዎች የሚፈልጉት ትክክለኛውን ቦታ ነው። ስልካችሁ ፎቶው ውስጥ የጂፒኤስ ነጥብ ይጽፋል፤ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ከማውጣታችሁ በፊት አጥፉት፣ ከጽሑፉም ላይ «ባሕር ዳር ዙሪያ» ከማለት በላይ አትዘርዝሩ። አይናቹራሊስት በሚባለው የዱር ሕይወት ምልከታ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ ስትመዘግቡ ቦታውን «የተደበቀ» ብላችሁ ምረጡ፤ ለሕዝብ የሚታየው ሰፊ አካባቢ ብቻ ይሆናል፣ ትክክለኛው ነጥብ ግን ለእናንተ ተመዝግቦ ይቆያል።