ዓይናችንና ኪሳችን፦ ስለ መንፈሳዊ ማስተዋልና ስለ ፍቅረ ንዋይ የምንሳሳተው

በየወሩ በ21 የማርያም ጽዋ ማኅበር አለን። ደሴ ላይ፣ ተራው የደረሰው ሰው ቤት። ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ዞሮ ቡናው ሲቀርብ ወሬው ይሞቃል። ባለፈው ወሬው ወደ ገንዘብ ሄደ። ጤፍ ስንት ገባ፣ ዘይት ስንት ገባ፣ እነ እገሌ ፎቅ ጀመሩ። በመሀል አንዲት እናት «ልጆቼ፣ ዓይናችን ታውሯል እኮ» አሉ። ከዚያ በኋላ ሁሉም የመሰለውን ተናገረ፣ እኔም ተናገርኩ። ቤቴ ገብቼ መጽሐፉን ስገልጥ ግን ብዙው ያልነው ነገር ከተጻፈው ጋር አይገጥምም። ስለዚህ የተባለውን አንድ በአንድ ላንሳው።

«ገንዘብ የክፋት ሁሉ ሥር ነው»

መጀመሪያ የተባለው ይሄ ነው። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። መጽሐፉ ግን እንዲህ አይልም። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ የጻፈለት «ገንዘብን መውደድ የክፋት ሁሉ ሥር ነው» ብሎ ነው (1ኛ ጢሞ. 6፥10)። አንዲት ቃል ጣልን፣ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ክፉው ገንዘቡ ከሆነ ጥፋቱ የብሩ ነው፣ እኔ የለሁበትም። ክፉው መውደዱ ከሆነ ግን ጥያቄው ወደ እኔ ልብ ይመጣል።

የአርማትያሱ ዮሴፍ ባለጠጋ ነበር፤ የጌታን ሥጋ ለምኖ በራሱ አዲስ መቃብር ያኖረው እሱ ነው። ሉቃስ ምዕራፍ 8 ላይም በገንዘባቸው ጌታን ያገለገሉ ሴቶች በስም ተጠቅሰዋል፦ መግደላዊት ማርያም፣ ዮሐና፣ ሶስና።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄን ስል ሆዴ ይባባል። «ድህነት ጽድቅ ነው» የሚለው ስብከት ወሎ ላይ አያምርም። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ያየ አገር ነው። ልጁን በመንገድ የቀበረ፣ እናቱን ትቶ ለመሄድ የተገደደ ሰው ዛሬም አብሮን ይኖራል። «ብፁዓን ድሆች» ያለው ጌታ ራሱ፣ ሕዝቡ በምድረ በዳ ሲራብና ደቀ መዛሙርቱ «አሰናብታቸው» ሲሉት፣ እናንተው የሚበሉትን ስጧቸው ነው ያላቸው። ራብን አላስዋበም።

«ፍቅረ ንዋይ የሀብታም በሽታ ነው፣ እኛን አይነካንም»

ግያዝ ሀብታም አልነበረም። የነቢዩ ኤልሳዕ አገልጋይ ነበር። የሱነማይቱ ልጅ ከሞት ሲነሣ እዚያው ነበረ፤ ንዕማን የሚባለው የሶርያ ጦር አለቃ ከለምጹ ሲነጻም በቅርብ ነበረ። ኤልሳዕ የንዕማንን ስጦታ አልቀበልም አለ። ግያዝ ግን የሚሄደውን ሠረገላ እያየ አላስችለው አለ። ሮጦ ደረሰበት፣ «እንግዶች መጥተውብን ነው» ብሎ ዋሸ፣ ብርና ልብስ ተቀብሎ ቤቱ ደበቀ። መጨረሻው ለምጽ ሆነ (2ኛ ነገ. 5)። ከነቢይ ጋር እየኖረ ዓይኑ ያየው የሠረገላውን ጭነት ነው።

እኔም ደመወዝተኛ ነኝ፣ ወር ሳይሞላ ኪሴ ይራቆታል። ጎረቤቴ ሁለተኛውን ፎቅ ሲያወጣ ግን ስንት ጊዜ ጸሎት ላይ ቆሜ ፌሮውን እንደቆጠርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ሰውየው ምንም አልበደለኝም። ሰላምታዬ ግን ቀዘቀዘ። እንዲያውም አንድ ጊዜ ሥራው ሲቆም ደስ አለኝ። ይሄን ስጽፍ አፍራለሁ፣ ግን እውነት ነው። አምስት ሳንቲም ሳይኖረኝ ፍቅረ ንዋይ ይዞኝ ነበር።

ሉቃስ 12 ላይ አንዱ መጥቶ «ወንድሜ ርስት እንዲያካፍለኝ ንገርልኝ» ይለዋል። የተበደለው እሱ ሊሆን ይችላል። ጌታ ግን ከመጎምጀት ተጠበቁ ሲል ለሁሉም ነው የተናገረው፤ ላለውም፣ ለሌለውም። በአንድ ጥማድ መሬት ወንድምና ወንድም ችሎት የሚቆምበት አገር ውስጥ ላለን ይሄ ቃል ሩቅ አይደለም።

«የመንፈስ ዓይን ማለት ሕልምና ራእይ ማየት ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉም የበለጠ የተሳሳትነው እዚህ ይመስለኛል። ዓይኑ የበራለት ሰው ሲባል ትዝ የሚለን የሰው ምስጢር የሚያውቅ፣ ነገ የሚሆነውን የሚናገር ሰው ነው። እግዚአብሔር ለወደደው ራእይ ያሳያል፣ አልክድም። ግን የማቴዎስን ምዕራፍ 6 ቅደም ተከተል እዩልኝ። መጀመሪያ ብልና ዝገት ስለሚያጠፋው መዝገብ ይናገራል። ቀጥሎ «የሰውነት መብራት ዓይን ናት» ይላል። ወዲያው ደግሞ ለእግዚአብሔርና ለገንዘብ አንድ ላይ መገዛት አይቻልም ይላል። የዓይኑ ነገር በሁለት የገንዘብ ትምህርቶች መሀል ነው የገባው። ለብዙ ዓመት ይሄን ክፍል ሳነብ ዓይኑ ከርእሱ የወጣ ይመስለኝ ነበር። አልወጣም። ዓይንን የሚያጨልመው ምን እንደሆነ እየነገረን ነው።

የሎዶቅያን ነገር ደግሞ ተመልከቱ። ዛሬ ቱርክ በሚባለው አገር የነበረች የንግድ ከተማ ናት። በሱፍ ልብሷና በዓይን መድኃኒቷ የታወቀች ነበረች። በ60 እ.ኤ.አ. ገደማ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲያፈርሳት የሮምን እርዳታ ሳትጠብቅ በራሷ ገንዘብ ተሠራች። ምንም አልጎደለኝም የምትል ከተማ። ለዚያች ከተማ ቤተ ክርስቲያን ጌታ በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 3 ሲናገር፣ ባለጠጋ ነኝ ትላለህ፣ ዕውርና የተራቆትህ እንደሆንህ ግን አታውቅም ይላል። ከዚያ ታይ ዘንድ የምትኳለውን ኩል ከእኔ ግዛ ብሎ ይመክራል። ኩል! የእኛ እናቶች በቀንድ ይዘውት የኖሩትን ኩል። የዓይን መድኃኒት ለሚሸጥ ከተማ «ዓይንህ ታሟል፣ ኩሉ እኔ ጋ ነው» ማለት ነው። የጎደለው ራእይ አልነበረም። የራሱን መራቆት ማየት ነው የተሳነው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ማርቆስ ምዕራፍ 10 ነው። አንድ ምዕራፍ ውስጥ ሦስት ዓይነት ሰው አለ። ባለጠጋው ያለውን ሸጦ ለድሆች እንዲሰጥ ሲነገረው አዝኖ ሄደ። ያዕቆብና ዮሐንስ «ምን ላደርግላችሁ ትወዳላችሁ?» ሲባሉ በቀኝና በግራ መቀመጥ ለመኑ፣ ወንበር ማለት ነው። መጨረሻ ላይ በኢያሪኮ መንገድ ዳር የሚለምነው ዕውሩ በርጤሜዎስ ያንኑ ጥያቄ ተጠየቀ። እሱ ማየት ብቻ ለመነ። ሲጠሩት ልብሱን ጥሎ ነው የተነሣው። ለለማኝ ልብሱ ምን እንደሆነ ደሴ ብርድ ላይ ያደረ ሰው ያውቀዋል። ባለጠጋው ያን ሁሉ ይዞ ሄደ፣ ይሄኛው ያለችውን ጥሎ መጣና አየ፤ ሲያይም በመንገድ ተከተለው።

ላሊበላ የሄዳችሁ ደግሞ ቤተ ጊዮርጊስን አስቡ። ከሩቅ አይታይም፤ ጫፉ ላይ ደርሳችሁ ቁልቁል ስታዩ ነው መስቀሉ ብቅ የሚለው። አሥራ አንዱም አብያተ ክርስቲያናት የተሠሩት ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተጨመረ ሳይሆን ትርፉ ዓለት እየተነሣ ነው። ስለ ዓይን መብራት ሳስብ ይሄ ትዝ ይለኛል።

«በረከት ማለት ሀብት ነው፤ የተባረከ ሰው ያገኛል»

ይሄኛው አሁን አሁን በጣም በርትቷል። መኪና የገዛ «ተባረከ» ይባላል፣ የከሰረ ደግሞ «ምን አድርጎ ይሆን?» የኢዮብ ጓደኞች ይሄንኑ ነበር የሚሉት፣ እግዚአብሔርም በመጨረሻ ተቆጣቸው።

በኛ አገር ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ ነው። አቦሉ ወፍራም ነው፣ ቶናው ቀነስ ይላል፣ ሦስተኛው ውኃ ሊሆን ምንም አይቀረው። በረከት የሚል ስም የወጣለት ግን ለዚያ ለቀጭኑ ነው። ምክንያቱም እስከ ሦስተኛው የተቀመጠ ጎረቤት፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ተመራርቆ ይነሣል። አያቶቻችን በረከትን የለኩት በሲኒው ውፍረት አልነበረም።

ዐረብ አገር ያለች እህት ያላችሁ ደግሞ ስሙኝ። በየወሩ ስትልክ «እግዚአብሔር ባረከን» እንላለን። ሶፋው ተቀየረ፣ ቴሌቪዥኑ ተቀየረ። ስትደውል ግን «መቼ ትልኪያለሽ?» ነው፣ «እንቅልፍ ትተኛለሽ ወይ?» የሚላት የለም። የእህታችን ወገብ እየጎበጠ የኛ ሳሎን ሲያምር ያን በረከት ብሎ መጥራት እኔ ከብዶኛል።

ስለቱም እንዲሁ ነው። መስከረም 21 ግሸን ማርያም ስንወጣ፣ ያንን አምባሰል ላይ ያለውን መስቀልያ አምባ ስንሳለም፣ «ይሄን ከሰጠሽኝ ይሄን አስገባለሁ» ብለን እንሳላለን። ስለት ነውር አይደለም፣ ሐናም ተስላለች። ግን ሐና የተሳለችው ያገኘችውን ራሱን፣ ልጇን ሳሙኤልን፣ ልትመልስ ነው። እኛ መኪናውን ወስደን ጃንጥላ እናስገባለን። በነገራችን ላይ ያ አምባ በድሮ ዘመን የነገሥታት ልጆች በዙፋን እንዳይጋደሉ የሚታሰሩበት ነበር። ወንድም ወንድሙን ለሥልጣን ያሰረበት ተራራ ላይ ቆመን የምንለምነውን ብናስተውል ጥሩ ነው።

«እሱ ለመነኮሳት ነው፣ እኛ የዓለም ሰዎች ነን»

መነኮሳቱን ካነሣን ሐይቅ እስጢፋኖስ ቅርባችን ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ እዚያ ገዳም ሲያቀኑ ለራሳቸው ሀብት አላከማቹም። ያፈሩት ተማሪና መጽሐፍ ነው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት እዚያ ተምረዋል። ንብረት መተው ሥራ መፍታት አይደለም ማለት ነው።

ለኛ ለዓለሞቹ ደግሞ መጥምቁ ዮሐንስ አለን። ቀራጮችና ወታደሮች «ምን እናድርግ?» ሲሉት ሥራችሁን ትታችሁ በረሃ ግቡ አላለም። ቀራጩን ከታዘዘልህ አብልጠህ አትውሰድ፣ ወታደሩን «ደመወዛችሁም ይብቃችሁ» ነው ያለው። ቢሮ ቁጭ ብሎ ባለጉዳይ ለሚያመላልስ፣ ሚዛን ለሚያጎድል፣ በርበሬ ውስጥ ባዕድ ነገር ለሚቀላቅል የተጻፈ ቃል ነው።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ያለውንም ሰው አንርሳ፣ የራሳችን ሰው ነው። የንግሥት ህንደኬን ገንዘብ ሁሉ የሚያዝ ባለሥልጣን ነበር። ሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ያነብባል። ፊልጶስ «በውኑ የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ሲለው «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» አለ። የአገር ግምጃ ቤት በእጁ ያለ ሰው በእግሩ ለመጣ መንገደኛ አልገባኝም ብሎ፣ ከጎኑ እንዲቀመጥ ለመነው። ለማስተዋል መነሻው እዚያ ጋ ነው የሚታየኝ።

«አሥራቴን ሰጥቻለሁ፣ የቀረው የራሴ ነው»

ዘኬዎስ ግማሹን ሰጠ፣ የቀማውን ደግሞ አራት እጥፍ መለሰ። የቀማውን መመለሱን እናስምርበት፤ በጉቦ የተገኘ ብር አሥራት ስለወጣለት አይጠራም። ቅዱስ ባስልዮስም በ4ኛው ክፍለ ዘመን ቀጶዶቅያ በረሃብ ስትመታ እህል የቆለፉትን ባለጸጎች ፊት ለፊት ነው የገሠጻቸው። ሳታለብሰው ያስቀመጥከው ልብስ የታረዘው ሰው ንብረት ነው ሲል አስተምሯል። ክረምት ሲገባ እህል ደብቆ ዋጋ የሚጠብቅ ነጋዴ ዛሬም አለ፣ እሑድ ደግሞ ነጠላውን አጣፍቶ እናየዋለን።

«እስቲ መጀመሪያ ልረጋጋ፣ ከዚያ ለነፍሴ አስባለሁ»

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ ቤቱን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ በእግሩ የወጣ የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ይሄን ከኔ በላይ ይናገራል። ተመልሶ በሩን ተሰብሮ ያገኘ ብዙ ነው። ሉቃስ 12 ላይ ያለው ባለ እርሻም ጎተራዬን አፍርሼ ትልቅ ልሥራ ሲል በዚያች ሌሊት ነው የተጠራው።

«ድግስ ካላማረ ሰው ምን ይለኛል?»

ለተዝካር በሬ የሸጠ አውቃለሁ። ለሰርግ ተበድሮ ሙሽሮቹን በዕዳ ያስገባ አውቃለሁ። ጌታ ግን ምሳ ስታዘጋጁ ብድር የሚመልሱትን ሀብታም ጎረቤቶች ሳይሆን ድሆችን፣ አንካሶችን፣ ዕውሮችን ጥሩ ብሏል (ሉቃ. 14)። የእኛ ድግስ ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው፤ የጠገበው አዳራሽ ይገባል፣ የተራበው በር ላይ ይቆማል።

በሚመጣው 21 የጽዋው ተራ የእኔ ነው። ማኅበርተኛው እንዳያማኝ ብዬ ተበድሬ በግ ልገዛ አስቤ ነበር። ትናንት ማታ ለባለቤቴ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «ዳቦና ጠላው ይበቃል፣ ሽሮ እሠራለሁ። በግ የምትገዛበት ካለህ ግን ያቺን መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብሰዋን ከነልጆቿ እንጥራት፣ ብርድ ልብስ የላቸውም» አለችኝ። ዛሬ ጠዋት ሄጄ ጠራኋት።