ቢኖዴ ቢሃሪ ሙከርጂ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የህንዳዊው ሰዓሊና መምህር ቢኖዴ ቢሃሪ ሙከርጂ (1904–1980) ስም ሲነሳ ሁልጊዜ የሚቀድመው ዓይነ ስውርነቱ ነው። ሥራዎቹ ከኋላ ይከተላሉ፤ ጭራሽ የሚረሱበትም ጊዜ አለ። ይህ ለታላቅ ሰዓሊ አይገባም። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ሲወለድ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነበር።»
አልነበረም። አንደኛው ዓይኑ ከልጅነቱ አያይም፤ ሌላኛውም የሩቁን አጥርቶ አያይም ነበር። ብርሃኑን ጨርሶ ያጣው በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምናው ሳይሳካ ሲቀር ነው። ያን ጊዜ ዕድሜው ከሃምሳ አልፏል፤ ዋና ዋና ሥራዎቹንም ሠርቷል።

«እንዲህ ባለ ዓይን ትልቅ ሥዕል አይሠራም።»
በምሥራቅ ህንድ ሻንቲኒኬታን ከተማ ያለው የሂንዲ ባቫና (የሂንዲ ቋንቋ ጥናት ቤት) አዳራሽ መልሱን ይሰጣል። በ1946 እና 1947 የአዳራሹን የሦስት ግድግዳዎች የላይኛ ክፍል በመካከለኛው ዘመን የህንድ ቅዱሳን ሕይወት ሞላው። ሸማኔው ካቢር አለበት፤ በትውፊት ዓይነ ስውር እንደነበረ የሚነገርለት ገጣሚው ሱርዳስም አለበት። ቅዱሳኑ ከሕዝቡ ተለይተው ከፍ አላሉም፤ በሰው ጎርፍ መካከል ይጓዛሉ። ቀለሙ የሚቀባው ገና ባልደረቀ የኖራ ልስን ላይ ነው። ልስኑ ሲደርቅ ቀለሙን ይዞ ስለሚያስቀር ለማረም ጊዜ የለም። ሙከርጂ ደግሞ ግድግዳውን የሚያህል ንድፍ አስቀድሞ አላዘጋጀም፤ ትናንሽ ንድፎችን ይዞ በቀጥታ ሣለ። ራቅ ብሎ ሙሉውን አጥርቶ ማየት የማይችል ሰው ይህን ያህል ስፋት በሐሳቡ ይዞ መሥራቱ እኔን ከሁሉም በላይ ያስደንቀኛል።

«የሣለው አማልክትንና አፈ ታሪክን ነው።»
በዘመኑ ብዙዎች ያንን ሣሉ። እሱ ግን ዓይኑን የጣለው በአካባቢው ዛፎችና መንደሮች ላይ ነበር። በ1940 በተማሪዎች ማደሪያ ጣሪያ ላይ የሣለው ሻንቲኒኬታን የሚገኝበትን የቢርቡም ገጠር ኑሮ ነው።

«ብርሃኑን ካጣ በኋላ መሥራት አቆመ።»
እጁ አላረፈም። በሰም ቅርጽ ሠራ፣ ባለቀለም ወረቀት ቆርጦ ለጠፈ፣ በጣቶቹ እየዳሰሰ ወረቀት እያጠፈ የሰው ቅርጽ አወጣ። በ1972 በሸክላ ንጣፍ ትልቅ የግድግዳ ሥራ አቆመ።

«መምህርነቱ የጎን ሥራ ነበር።»
በ1919 ገጣሚው ራቢንድራናት ታጎር ሻንቲኒኬታን ባቋቋመው የካላ ባቫና የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብቶ ከሰዓሊው ናንዳላል ቦስ ተማረ፤ ከ1925 ጀምሮ እዚያው አስተማረ። በ1949 ወደ ኔፓል ሄዶ በመንግሥት ሙዚየም ሠራ። ማየት ከተሳነው በኋላም ወደ ካላ ባቫና ተመልሶ የሥነ ጥበብ ታሪክ ያስተምር ነበር። ሰዓሊው ሱብራማንያን ተማሪው ነው። የፊልም ሠሪው ሳትያጂት ሬይም እንዲሁ፤ በ1972 ስለ መምህሩ ዘጋቢ ፊልም ሠርቷል።